ላፕቶፑ አልቀበልም ያለው ቁልፍ

ነሐሴ 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ደብተር፣ ይሄን ጊዜ እንኳን እመኚኝ። አልነካሁትም። ከምነካው ውጪ አልነካሁም። ፍልሰታ ነው፣ ጾም ይዣለሁ፣ በፍልሰታ አልዋሽም።

እንደ ሁሌው ነው ያደረግኩት። ቢሮውን ከፈትኩ። መወልወያውን ደጅ አቆምኩ። እጄን አደረቅኩ፣ ደግሜ አደረቅኩ፣ እርጥብ እጅ መብራት ይይዘዋል ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ሳላደርቅ ምንም ነክቼ አላውቅም። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ወደ ላይ የምታሳየዋ ቀስት። ከዚያ ኢንተር። በቃ፣ የማውቀው ይቺኑ ነው። ሌላ ቀን ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ይወርዳል፣ ከወደብ የተለቀቁት ኮንቴይነሮች ዝርዝር ይመጣል፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ መወልወያዬ። ዛሬ አልወረደም። ሁለት መስመር ጻፈና ቆመ። ከስር አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች።

ቀስቷን ደገምኩ። ያው። ደገምኩ። ያው። ፊደሎቹን እንደ ስዕል እያየሁ ገለበጥኳቸው፣ እንግሊዝኛዬ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። አንዷን ቃል ግን አውቃታለሁ። የጭነት መኪና ሹፌሩን ጋሽ ደስታን አንዴ ኬላ ላይ ወረቀቱ ላይ የመቱበት ቃል ናት። ተከልክለሃል ማለት ናት። ማን ነው የተከለከለው? እኔ ነኝ?

3 ሰዓት። እትዬ ሮማን ወረዱ። (እንዲያጥርልኝ ከአሁን በኋላ እ/ሮ ብዬ ነው የምጽፋቸው።) ወረቀቱስ አሉ። የለም አልኩ። ምን ነካሽ አሉ። ምንም አልኩ። አዩኝ። ያን አስተያየት ታውቂዋለሽ፣ ጋዝ ፈነዳ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በሌሊት ልብሱ ያስወጣሁ ጊዜ ያዩኝን። የጎማ ንፋስ ነበር እኮ፣ ታች የቆመ መኪና። ከዚያ ወዲህ እ/ሮ እኔ የምለውን በግማሹ ነው የሚሰሙት።

ሥራቸው ትራንዚት ነው። ወደብ የወረደን የሰው ዕቃ ወረቀቱን ይጨርሱና ወደ ኢትዮጵያ ያስጭናሉ። አባታቸው የባቡር ሰው ነበሩ፣ እሳቸው እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው እዚሁ ባል ቀብረው እዚሁ አሉ። ቢሮው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ምድር ላይ ነው፣ ቤታቸው ፎቁ ላይ፣ እኔ ሁለቱም ላይ ነኝ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ነው ቀስቷን እኔ የምነካላቸው።

አሮጌው ኮምፒተር በሐምሌ ሙቀት ሞተ። ኮምፒተር የሚሠራልን ሮብሌ አዲስ ላፕቶፕ አመጣ፣ ከአሮጌው ሆድ ያለውን ሁሉ ገለበጠበት፣ ትናንት ጨርሶ ሄደ። ዛሬ መጀመሪያ የነካሁት እኔ። ታዲያ ማንን ይጠረጥሩ?

ዝርዝሩ ከሌለ የትኛው ኮንቴይነር እንደተለቀቀ አይታወቅም፣ መኪኖቹ ቆመው ይውላሉ፣ ባለዕቃዎቹ ይጮሃሉ። እ/ሮ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ጋሽ ደስታ ጭኖ ወደ አገር ሲመለስ፣ ይሄ ነገር ካልተስተካከለ፣ አንቺንም ይጭንሻል።

እናቴ ልጄ ጅቡቲ ኮምፒተር ላይ ነው የምትሠራው ብላ ለሰፈሩ አውርታለች። ምን ብዬ ነው እሱ ከጫነው የዱቄት ጆንያ ላይ የምወርደው?


ነሐሴ 3፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ

ደብተር፣ ተገኘ። ጥፋቱ የኔ አይደለም። የቁልፉ ነው።

ከተማው እንደምታውቂው ነው። ሰባት ሰዓት ላይ የጫቱ መኪና ይገባል፣ ጡሩምባው ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ እስሩን ይዞ ወደየክፍሉ፣ ከዚያ ጎዳናው ላይ ፍየልና እኔ ብቻ። እ/ሮ ቤ/ክ ናቸው፣ በፍልሰታ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ። ለሮብሌ ደወልኩ። ጠዋት አሥር ጊዜ ደውዬ አላነሳም፣ አሁን ገና አንዴ ሲጠራ አነሳ። አባዮ አለኝ፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። አማርኛውን ድሬዳዋ ነው የለመደው፣ ጫት ይዞ ሲሆን ከእኔም ይሻላል።

ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብኩለት። ሳቀ። ከዚያ አወራ፣ አወራ፣ ጆሮዬ ጋለ። የገባኝን ልጻፍ ሳይጠፋኝ።

ከዚህ ላፕቶፕ እስከ መርከብ ወኪሉ ቢሮ ኮምፒተር ድረስ በር አለ። በሩ በስውር ቁልፍ ነው የሚከፈተው። ቁልፉ ሁለት ግማሽ ነው፣ አንዱ ግማሽ እኛ ጋ ተደብቆ ይኖራል፣ ሌላው እነሱ ጋ። ሮብሌ ድሮ ሲሠራው ዲ ኤስ ኤ በሚባል ዓይነት ነው የሠራው። ያኔ ሁሉም ሰው በሱ ነበር። አሁን ያ ዓይነት ደክሟል፣ ጉልበተኛ ኮምፒተር ያለው ሌባ አስመስሎ ሊቀርጸው ይችላል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ኮምፒተሮች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ያንን ዓይነት ካያችሁ አትቀበሉ ተብለዋል። አሮጌው ኮምፒተራችን ይሄን ስላልሰማ ይቀበል ነበር። አዲሱ ሰምቷል።

እንደ ድሮ ብር አልኩት። ልክ እንደሱ አለኝ፣ ጎበዝ ነሽ አባዮ፣ ብሩ ትክክለኛ ነው፣ ሱቁ ግን አይቀበልም።

እንዲቀበል ማስገደድ አይቻልም ወይ አልኩ። ይቻላል፣ አንድ መስመር መጻፍ ነው፣ ግን በርን በገመድ አስሮ መተኛት ነው፣ እኔ ሮብሌ እንደዛ አልሠራም አለ። ነገ በጠዋቱ መጥቼ በእጄ አዲስ ቁልፍ እቀርጽላችኋለሁ፣ ከወርቅ የጠነከረ። እ/ሮ እናቴ ናቸው አለ። አንቺም እህቴ ነሽ፣ ወንድም ከፈለግሽ ከአሁን ጀምሮ አለሽ። ድምፁ እንባ እንባ ይል ነበር።

ደስ ብሎኝ ደረጃውን ወለወልኩ፣ ያልታዘዝኩትን።


ነሐሴ 4፣ ጠዋት

አልመጣም።

እ/ሮ ደወሉለት፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ እኔ ፊት። ስለ ቁልፉ ለዚህች ለየሺ የነገርካት ምንድነው አሉት። የቱ ቁልፍ አለ። አሮጌው፣ የደከመው። በሞተ ድምፅ፣ ቁልፉ ምንም አልሆነም፣ እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ልጅቷ የሆነ ነገር ነክታ ይሆናል። ትናንት አወራን እኮ ብዬ ጮህኩ ከኋላ። ትናንት ከማንም ጋር አላወራሁም አለ። ዘጋው።

ደብተር፣ ሁለት ሮብሌ ነው ያለው። የጠዋቱ ሮብሌና የከሰዓቱ ሮብሌ። አንዱ የሚያውቀውን አንዱ አያውቅም። የከሰዓቱ ዓለምን ያስተካክላል። ሲመሽ ምርቃናው ይወርድና ዝም ይላል፣ ሚስቱ ሀዋ እንደምትለው ግድግዳ ያያል። ጠዋት የሚነሳው ሌላ ሰው ነው።

ይሄን ለእ/ሮ አስረዳሁ። ሰውየው ሁለት ነው አልኳቸው። አሁንስ ጋዙ ይሻላል አሉ።

ከሰዓት እሱ ሲሞቅ እንደውልለትና በጆሮዎ ይስሙት አልኩ። አንደኛ አሉኝ፣ ለሮብሌ ምርቃና ብዬ ቅዳሴ አልተውም። ሁለተኛ፣ በጾም ጫት ጉንጩ ውስጥ ወትፎ የሚያወራኝን ሰው አላናግርም። አሎር (በፈረንሳይኛ እንግዲህ ማለታቸው ነው)፣ አለቀ አሉ። ከቅዳሴ መጥተው ይቀምሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ሲመሽ ይነሳሉ። እሱ ሲመሽ ያልቃል። በዚህ ጾም እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት ሰዓት እግዜር አልፈጠረም።

እስከዚያ እሳቸው ራሳቸው ወኪሉ ቢሮ ሄደው ተሰልፈው ዝርዝሩን በወረቀት ያመጣሉ። በዚህ ፀሐይ፣ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ፊት ላይ እየረጨ፣ ውሃ ሳይጠጡ። ሲመለሱ እግራቸው እንደ ዳቦ ነፍቷል። ውሃ አቅርቤ ሳጥብላቸው እግዜር ይስጥሽ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።


ነሐሴ 5

ማለዳ ሮብሌ ቤት ሄድኩ፣ ካርቲየ 4 የሚሉት ሰፈር። ሀዋ በር ላይ ልብስ ታሰጣለች። ተኝቷል አለች። ቀስቅሺልኝ ብዬ ለመንኳት። ከፈለግሽ ባልዲው ያውልሽ አለችኝ፣ እኔ በሱ ነው የምቀሰቅሰው። አልደፈርኩም። እሷ ደፈረች።

አራት ሰዓት ላይ ቢሮ መጣ፣ የተጨመቀ ሎሚ መስሎ። ኮካ ጠየቀ። ላፕቶፑን ከፈተ፣ አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ ያንቀላፋ መሰለኝ። ዲ ኤስ ኤ ብለህ ነበር እኮ አልኩት በቀስታ። ዞሮ አየኝ። ማነው ይሄን ስም የነገረሽ አለኝ። አንተ። እኔ? አንቺ ልጅ፣ ይሄን ስም ከአንቺ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ለእ/ሮ፣ ኮምፒተር ባለበት ክፍል በውሃ አይወለወልም፣ እርጥበት ነው አላቸው። ሄደ። ኮካውን ጨርሶ ሄደ።

እ/ሮ ወደ መወልወያው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ወደ ወለሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ደስታ ብቅ አለ። ሰምቷል። ጋቢና ውስጥ ከኋላ አልጋ አለች፣ አይደላሽም ግን ትደርሻለሽ፣ መንገድ ላይ ብርቱካን እገዛልሻለሁ አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ነው ያስለቀሰኝ። ነገሩ እኮ ያለቀ ነው የመሰለው።


ነሐሴ 6፣ ከሰዓት 7 ሰዓት ተኩል

ወሰንኩ። እሱ ሞቆ ወደ ላፕቶፑ ካልመጣ ላፕቶፑ ወደሱ ይሄዳል። እ/ሮ ለቅዳሴ ወጡ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ፣ ላዩ ላይ ቲማቲም። ከወደቀ ሞቻለሁ። ከተሰረቀ ሁለቴ ሞቻለሁ። እጄን አድርቄያለሁ። ሄድኩ።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት፣ ማጀት ተቀምጬ

ሁሉም ተሳካ፣ ሁሉም ተበላሸ። በቅደም ተከተል ልጻፍ ካለዚያ አበዳለሁ።

መብረዝ ይሉታል፣ ወንዶቹ የሚቅሙበትን ክፍል። ጫማ ደጅ። ዙሪያውን ፍራሽ፣ ትራስ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ቅጠል በቅጠል። በር ላይ ስቆም አሥር ጉንጭ ወደኔ ዞረ። አንዱ ቲማቲም ስንት ነው አለኝ። ሌላው ተዋት፣ ሚስቱ ልካት ነው፣ ሮብሌ ተነሳ አለቀልህ። ሳቅ። ሮብሌ ግን ሲያየኝ ዘሎ ተነሳ፣ አባዮ ብሎ፣ ይቺ እህቴ ናት፣ ስለ ቁልፍ ከናንተ ሁሉ በላይ ይገባታል፣ ቦታ ልቀቁላት አላቸው። ለቀቁ።

ስለ ትናንቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። የጠዋቱን ሰውዬ እኔም አልወደውም አለኝ። ይሄን ነው ያለው፣ ቃል በቃል።

ላፕቶፑን ጭኑ ላይ፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ላይ። ጣቶቹ አይታዩም። አሮጌውን ቁልፍ ደህና ሁን በዪው አለኝ፣ አልኩት፣ ምን ላርግ። አዲስ ቀረጸ። የዚህኛው ዓይነት ስሙ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ቁጥር ነው፣ አልያዝኩትም። አጭር ሆኖ ጠንካራ ነው፣ እንደ እናቴ አለ። ከዚያ እነሱ ጋ መቀመጥ ያለበት ግማሽስ ስለው ሳቀብኝ። አጠገቡ ትራስ ተደግፎ የሚቅመውን ሰውዬ በክርኑ ነካው። ኢድሪስ። ማን ይመስልሻል? የመርከብ ወኪሉ ቢሮ ኮምፒተር ጠባቂ። ሁልጊዜም እዚያው አጠገቡ ነው የሚቀመጠው። ኢድሪስ ከትራሱ ስር የራሱን ላፕቶፕ አወጣ፣ የኛን ግማሽ ተቀበለ፣ አስገባ፣ ቅጠል ቀጠፈ። በቃ። እ/ሮ በፀሐይ የተሰለፉለት ነገር ሁለት ሰው ትራስ ላይ ተደግፎ ጨረሰው።

ሮብሌ አሁን ንኪው አለኝ። ቀስቷ። ኢንተር። ሚስጥር ቃል ጠየቀ። ይሄ ደሞ ምንድነው አልኩ። ለቁልፉ ቁልፍ ነው፣ ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳን ሌባው ባዶ እጁን ይቀራል። ኪቦርዱን በጫት ቅጠል ጋረደና ጻፈ። ወረደ ደብተር፣ ጉንዳኑ ወረደ፣ ሁሉም ኮንቴይነር፣ መብረዙ አጨበጨበ። ቃሉን ንገረኝ አልኩት። ሚስጥር ለሰው ከተነገረ ምኑን ሚስጥር ሆነ አባዮ፣ እኔ አለሁ አይደል አለኝ።

ምንም አልመሰለኝም። ደስታ ነው ያሳበደኝ። በሩጫ ወጣሁ።

እ/ሮ ለካ ዛሬ ራሳቸውን አዙሯቸው ከቅዳሴ ቀድመው መጥተዋል። በሩ ክፍት። ጠረጴዛው ባዶ። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ጋሽ ደስታ ሳይቀር፣ አንዱ ወደ ድንበር አምልጣ ይሆናል ይላል፣ እኔ ቲማቲም ይዤ ከች።

ተስተካክሏል፣ ይዩት፣ ይዩት አልኩ። ከፈትኩ። ቀስቷ፣ ኢንተር። ሚስጥር ቃል ጠየቀ።

ሁሉም ላፕቶፑን ያያል። እኔም ላፕቶፑን አያለሁ።

ደጋግሜ ደወልኩለት (ከበር እንዳልወጣ ተከልክያለሁ)፣ ሲነሳ ግን ፀሐይዋ ገብታ ነበር። ሀዋ ናት ያነሳችው። ግድግዳ እያየ ነው አለች።

እ/ሮ ድሮ መግባት አልቻልንም፣ አሁን ደሞ አስቆለፍሽብን ማለት ነው አሉ። ከዚያ፣ ጋሽ ደስታ ከነገ ወዲያ ሲነጋ ይወጣል፣ ልብስሽን አጣጥፊ።


ነሐሴ 7፣ ጠዋት

እ/ሮ ለሮብሌ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። የጠዋቱ ነው። የሺ ትናንት መጥታ ነበር? የት? መብረዝ። አባዮ ብለህ ላፕቶፑን ሠርተህላታል ትላለች። ሳል። እትዬ፣ ሴት ልጅ መብረዝ አትገባም፣ ልጅቷን ሐኪም ያሳይዋት አለ።

እ/ሮ ወኪሉ ቢሮ ሰልፍ ሲሄዱ ኢድሪስንም ጠይቀውታል። መስኮቱ ጋ ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል። ትናንት ምንም የገባ ቁልፍ አላስታውስም፣ ትናንትን ራሱ አላስታውስም ብሏቸዋል።

ልብሴን አጣጠፍኩ። ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። ሰባት ሰዓት ይደርሳል፣ ጡሩምባው ይጮሃል፣ የከሰዓቱ ሮብሌ ይነሳል፣ ቃሉን እሱ ያውቃል። ዛሬ ተለማምጬም አልቅሼም አስነግረዋለሁ።

7 ሰዓት ተኩል። ጡሩምባ የለም።

8 ሰዓት። የለም። ጫት የምትሸጠዋ ሴትዮ ባዶ ጠረጴዛዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋ መንገዱን ታያለች። ምነው አልኳት። ድንበር ላይ መኪናው ተበላሽቷል አሉ፣ የለም ዝናብ ነው አሉ፣ ዛሬ ላይገባ ይችላል አሉ። ወንዶቹ ጥግ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ሁለት ባለታክሲ በምንም ነገር ሊደባደቡ ነው። ፖሊሱ እያየ አይገላግልም። ከተማው ሁሉ የጠዋቱ ሮብሌ ሆኗል።

ለሮብሌ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ።

ዛሬ ካልገባ ነገ ሲነጋ እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ።

ፎቅ ወጣሁ። እ/ሮ መኝታ ክፍል የእመቤታችን ስዕል አለች። ተንበረከክሁ። ደብተር፣ ለሰው አትናገሪ። እመቤቴ ማርያም በጾምሽ ይዤሻለሁ አልኳት። ጫቱን አስገቢው። እኔ እንዳልነካሁት ታውቂያለሽ፣ አጠገቤ ነበርሽ። የመኪናውን ጎማ ጠግኚው፣ ዝናቡን አቁሚው፣ ሹፌሩን አበርቺው፣ እርጥቡንና ጥሩውን አስይዢው፣ ሮብሌ የሚወደውን ዓይነት፣ ከገባ ጧፍ አበራልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደጅሽን እጠርጋለሁ። እንባዬ ምንጣፉን አራሰው።

ቀና ስል እ/ሮ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንኳን ገና አላወለቁም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እንጃ።

ሞቴ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው ይርገበገባል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ነው፣ በጾም፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላው ጠረጉ። የሺ አሉኝ። አንቺ ልጅ አይደለም ያሉኝ፣ የሺ። ሰው ለውሸት ብሎ እመቤታችንን ጫት አይለምናትም አሉ።


ነሐሴ 7፣ 10 ሰዓት

ጡሩምባ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ። ሰው ይሮጣል። ባለታክሲዎቹ ተቃቀፉ። ጧፍ አለብኝ።

እ/ሮ ጫማዬን አቀብዪኝ አሉ። ወዴት ነው እትዬ። መብረዝ። ሳቅ አፈነኝ፣ ፍርሃትም። እኔም ልምጣ አልኩ። አንቺ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጪ፣ ቃሉን ከአፉ ተቀብዬ እደውልልሻለሁ፣ ትጽፊዋለሽ፣ ከወረደ ሻንጣሽን ትፈቺያለሽ፣ ካልወረደ ግን ባለዕቃዎቹ እኔንም አይምሩኝም፣ ደስታ ይዞሽ ይሄዳል አሉ። ታክሲ ጠራሁላቸው። ያበጠ እግራቸውን በእጃቸው አንስተው ገቡ። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ዳዊታቸውን ይዘው፣ ወደ ካርቲየ 4።

11 ሰዓት። ደወሉ። ከኋላቸው ሳቅ፣ ጩኸት፣ አንዱ ትራስ ለእናታችን ይላል። እ/ሮ ይጮሃሉ፣ የሺ፣ ይሰማሻል ወይ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፣ ዲ ኤስ ኤ፣ የደከመው ቁልፍ፣ ስለ በሩና ስለ ገመዱ፣ እንዳልሽው አድርጎ ነው የሚነግረኝ፣ ስለ ጠዋቱ ሰውዬ ሳይቀር፣ እያለቀሰ ነው፣ እናቴ ነዎት ይለኛል፣ ይቅር በዪኝ ልጄ አሉኝ። ልጄ። ቃሉንስ እትዬ አልኩ። አሁን ይነግረኛል፣ መጀመሪያ ስለ አባቴ ባቡር ልጨርስለት፣ በጣም እየሰማኝ ነው፣ ለስላሳ ሰው ነው ለካ

ተቋረጠ።

11 ሰዓት ተኩል። መልሼ ደወልኩ። ያቺ ስልክ ሲዘጋ በፈረንሳይኛ የምትናገር ሴትዮ ናት። ባትሪያቸው ነው፣ ጠዋት ቻርጅ አላደረግኩላቸውም፣ ልብስ ሳጣጥፍ። የሮብሌ አሁንም ዝግ። ብሄድ ደሞ በዚህ መሃል ከሌላ ሰው ስልክ ቢደውሉስ? አልሄድም። ወሰንኩ፣ ከላፕቶፑ አልነሳም።

ፀሐይዋ የጣቢያው ጣሪያ ላይ ደርሳለች። ነጯ ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች። ሴትዮዋ መልዕክት ተዉ የምትል ይመስለኛል፣ ፒፕ ሲል አወራሁ፣ ያልኩትን እዚህም ልጻፈው።

እትዬ፣ የሺ ነኝ። እጄን አድርቄ ተቀምጫለሁ። የባቡሩን ነገር ለሌላ ቀን ያቆዩለት። ትራሱ አያዘናጋዎ፣ ቅጠልም ቢያቀብልዎ ጾም ነው። መጀመሪያ ቃሉን፣ ፊደል በፊደል፣ ወረቀት ላይ ያስጽፉት። ከመሸ ዝም ይላል። ነገ ጠዋት ደሞ እትዬ ሮማን የሚባሉ ሰው መብረዝ አልመጡም ይላል፣ ኢድሪስም አላየሁም ይላል፣ ያን ጊዜ ከኔ በቀር የሚያምንዎት የለም። እባክዎ እትዬ፣ ከማንም ስልክ ይሁን፣ ሳይመሽ መልሰው ይደውሉልኝ።